ፖርቶ መጋላው ላይ ያለችው ሰሌዳ ከየት መጣች?

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ መኪናችሁን ከፍ አስደርጋችሁ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥማችሁ፣ ረጅም ጉዞ ልትወጡ እንደሆነ በፎቶ እያየሁ ነው። ደስ ይላል። ፖርቶ መጋላው ላይ የታሰረችውን ረዘም ያለች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ሰሌዳ ሳይ ግን የታሪክ መምህርነቴ ተነሳብኝ። መኪና አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ከጎማው ሥር የምትገባዋን ማለቴ ነው። ይህች ዕቃ ታሪክ አላት፤ ታሪኳ ደሞ እኛንም ይነካል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ግብፅ ውስጥ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን በዕረፍት ጊዜው ከጓደኞቹ ጋር የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪና ማሰስ ጀመረ። መጀመሪያ በሞዴል ቲ፣ ቀጥሎ በሞዴል ኤ። ልብ በሉ፣ ፎር ዊል አይደሉም! የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ታዲያ በዚህ መኪና መኪና አይሻገረውም የተባለውን የአሸዋ ባሕር እንዴት ገቡበት?

አንደኛ፣ ከመጨመር በፊት ቀነሱ። ለመሄድ የማያስፈልግ አካል ሁሉ ወለቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከመኪናው ላይ የወረደ እያንዳንዱ ኪሎ ለውሃና ለነዳጅ ቦታ ይሆናል። አሸዋ ላይ ደሞ ከባድ መኪና ቶሎ ይሰምጣል። ለስላሳ አሸዋ ሲመጣም የጎማውን ንፋስ ቀነስ ያደርጉ ነበር፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል።

ሁለተኛ፣ ራዲያተሩ። በረሃ ላይ ራዲያተር ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይጠፋል። የጠፋው እንፋሎት ግን ሰው ሊጠጣው የሚችል ውሃ ነው። ስለዚህ ከራዲያተሩ በላስቲክ ቱቦ አድርገው እንፋሎቱን በመኪናው ጎን ወደታሰረ፣ እስከ ግማሹ ውሃ ወዳለበት ቆርቆሮ መሩት። እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ቆርቆሮው ራሱ መፍላት ሲጀምር ሹፌሩ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋስ አዙሮ ይቆማል። ሲበርድ ራዲያተሩ ውሃውን መልሶ ይምጠዋል። አንድም ጠብታ አይባክንም።

ሦስተኛ፣ የኛዋ ሰሌዳ። ባግኖልድ ካይሮ ውስጥ አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ሰፈር (የነሱ ምናለሽ ተራ በሉት) ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሽግ ጣሪያ ተብለው የተሠሩ ረጃጅም ብረቶች አገኘ። መኪናው ሲሰምጥ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት አሸዋውን ጫር ጫር አድርጎ ብረቶቹን ማስገባት፣ ከዚያ ወደፊት! ዛሬ በየመኪናው ላይ የምናያቸው ሰሌዳዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

አራተኛ፣ አቅጣጫ። ኮምፓስ መኪና ውስጥ ብረቱ ስለሚያሳስተው አይታመንም። ስለዚህ ዲግሪ በተጻፈበት ክብ ሰሌዳ መሀል ቀጥ ያለ ዘንግ አቁመው በፀሐይ ጥላ ይመሩ ነበር።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ በአንድ በኩል ሊቢያን፣ በሌላ በኩል ኢትዮጵያን ይዛለች። ግብፅና ሱዳን ያለው የእንግሊዝ ጦር መሀል ላይ ነው። ከሊቢያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚበሩት የጣሊያን አውሮፕላኖች በረሃው ውስጥ ኩፍራና ዑወይናት በሚባሉ ቦታዎች ያርፉ ነበር። ባግኖልድ ለጄኔራል ዌቭል ሐሳብ አቀረበ፤ የተሰጠው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ። በረሃ አይተው የማያውቁ የኒውዚላንድ ፈቃደኞችን ይዞ ተራ ሼቭሮሌት የጭነት መኪኖችን አዘጋጀ። በርና የፊት መስታወት ወለቀ፣ ባሌስትራ ተጨመረ፣ ቆርቆሮው፣ ብረቱ፣ የፀሐይ ኮምፓሱ ተገጠመ። በዚያው ዓመት በዚያ መስመር ማረፊያዎች የተከማቸ የጣሊያን ነዳጅ አቃጠሉ። ማርች 1 ቀን 1941 ኩፍራ በነፃ ፈረንሳይ ጦር እጅ ወደቀች። የሀገራችን ነፃነት በእነሱ መኪና መጣ እያልኩ አይደለም፤ አርበኞቻችን አምስት ዓመት ደማቸውን ያፈሰሱበት ነው። ግን ወራሪው በሰማይ የሚተነፍስበትን ቧንቧ ከጨመቁት መካከል እነዚህም አሉ።

ያም ሆኖ ጥሩ ዝግጅት ሁሉንም አያድንም። ጃንዋሪ 31 ቀን 1941 ከኩፍራ በስተደቡብ የዚህ ጦር መኪኖች ተመትተው ሲቃጠሉ አራት ሰዎች ወደኋላ ቀሩ። አንዱ ሮናልድ ሙር እግሩ ቆስሏል። በእጃቸው ያለው ውሃ ሁለት ጋሎን እንኳ አይሞላም። እጅ ከመስጠት ብለው ወደ ደቡብ በእግር ተነሱ። ሙር የተገኘው በአሥረኛው ቀን፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ ያኔም እየተራመደ ነበር! ከአራቱ አንዱ ግን ከተገኘ በኋላ ሞተ።

እና ውድ ልጆቼ፣ መብራቱም ትልቁ ጎማውም ያምራል፣ አልቃወምም። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ዕቃውን ሁሉ አውርዳችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ልቀንስ? መኪናው እዚያው ቢቀር፣ ለስንት ሰው ለስንት ቀን የሚሆን ውሃ በእጄ አለ? የሁለተኛውን መልስ በሊትር ካላወቃችሁት መኪናው ገና አልተዘጋጀም።

በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ። ፎቶ እጠብቃለሁ!