የአፈር ውስጥ ጋዝና የተሸፈነ ማዕድን ፍለጋ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

የጥንት ማዕድን ፈላጊ የድንጋይን ቀለምና የወንዝን አሸዋ እየተመለከተ ወደ ክምችቱ ይደርስ ነበር። ወፍራም ደለል የሸፈነው ክምችት ግን ለዓይን አይገለጥም። በመሆኑም በሃያኛው ምዕተ ዓመት ተመራማሪዎች ፊታቸውን በአፈር ቅንጣቶች መካከል ወደሚገኘው አየር መለሱ።

አሠራሩ በመጀመሪያ ያገለገለው ለነዳጅ ዘይት ፍለጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመንና በሶቪየት ኅብረት ከአፈር የተቀዳ አየር ሚቴን መያዙ ይመረመር ጀመር። ቆይቶም ዘዴው ወደ ብረታ ብረት ማዕድናት ተሸጋገረ። ሜርኩሪ በብዙ ማዕድናት ውስጥ ስለሚገኝና በቀላሉ ስለሚተን ጠቋሚ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባሳተመው ጥናት በኔቫዳ ግዛት የኮርቴዝ የወርቅ ክምችት አካባቢ ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ ነበር። ለዩራኒየም ፍለጋ ደግሞ ራዶን አገልግሏል።

ይሁን እንጂ የራዶን ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ብቻ በመሆኑ ጥልቅ ከሆነ ክምችት የተነሣው ጋዝ ወደ ላይ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ዝናብና የአየር ግፊት መለዋወጥም ልኬቱን ያዛባሉ። ስለሆነም ጋዝ አለመገኘቱ የማዕድንን አለመኖር፣ መገኘቱም የክምችቱን መጠን አያረጋግጥም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ቁፋሮ ነው። መምህራን ይህን በምልክትና በማስረጃ መካከል ያለ ልዩነት ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፣ የፕላን ባለሙያዎችም የቁፋሮን ወጪ አስቀድመው ቢያስቡ፣ ዘዴው ተገቢ ቦታውን ያገኛል።