የተቃጠለ ዘይት ያስለቀቀው ከተማ

የውሃ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ዘይት ስትቀይሩ የሚወጣውን ጥቁር ዘይት ምን ታደርጉታላችሁ? ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የምንቀባበት አለን። ለእከክ ብለን ከብት ላይ የምናሸው፣ አቧራ እንዳይነሳ ደጃፍ ላይ የምንደፋውም አለን። የተረፈው ቦይ ውስጥ ይገባል። "ምን ችግር አለው? ዘይት እኮ ነው" እንላለን። አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ በሚባል ግዛትም ሰዎች እንዲሁ አስበው ነበር። ዛሬ የነሱን ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1971 አንድ ፈረስ የሚያረባ ቤተሰብ፣ ፈረሶቹ የሚሮጡበት አዳራሽ አቧራው አስቸገረው። ያገለገለ ዘይት እየሰበሰበ የሚነግድ ሰው ጠርተው አስረጩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጣሪያው ሥር የሚያድሩት ወፎች እየሞቱ ይወድቁ ጀመር። ቀጥሎ ድመትና ውሻ ሞተ። ከዚያ ፈረሶቹ ጸጉራቸው እየረገፈ፣ ሰውነታቸው እየከሳ ከ60 በላይ አለቁ። አንዲት ትንሽ ልጅም ክፉኛ ታማ ሆስፒታል ገባች።

ምክንያቱን ለማወቅ 3 ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1974 የመንግሥት ተመራማሪዎች ከአፈሩ ውስጥ ዳዮክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አገኙ። መርዙ ከሞተር የመጣ አልነበረም። ዘይት ነጋዴው ቬሮና ከምትባል ከተማ፣ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል ከሚያመርት ፋብሪካም ዝቃጭ ይጭን ነበር። ዝቃጩ ከተቃጠለው ዘይት ጋር ተቀላቀለ። ጥቁር ዘይት ውስጥ ምን እንደገባ ደግሞ በዓይን አይለይም።

ይሄው ሰው ታይምስ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ መንገዶችንም ከ1972 እስከ 1976 ረጭቷል። ከተማዋ መንገዷን አስፋልት ለማድረግ ገንዘብ ስላልነበራት ርካሹን መንገድ መርጣ ነው። በ1982 መጨረሻ አፈሩ ሲመረመር መርዙ ተገኘ። በዚያው ሰሞን የሜራሜክ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ከጎርፉ የሸሹት ሰዎች ወደ ቤታችሁ አትመለሱ ተባሉ። በ1983 መንግሥት ቤቶቹን ሊገዛ ወሰነ፤ ከ2,000 በላይ ነዋሪዎችም ለቀው ወጡ። በኋላ ቤቶቹ ፈርሰው ተቀበሩ፣ የተበከለው አፈር በ1996 እና 1997 በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። ዛሬ ቦታው መናፈሻ ነው።

እንግዲህ የእናንተ ፓምፕ ዘይት ዳዮክሲን አለው እያልኩ አይደለም። ግን ዘይት ሞተር ውስጥ ሲሠራ የብረት ብናኝና የነዳጅ ጥላሸት ይሰበስባል። ከገበያ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም፤ የታይምስ ቢች ሰዎችም አላወቁም። መሬት ላይ የፈሰሰው በዝናብ ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከብት ላይ የተቀባውን ከብቱ ይልሰዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዘይት ይቆሽሻል እንጂ አያልቅም። በፋብሪካ ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን ይችላል። የኛ ድርሻ ሳይቀላቀል ማቆየት ነው።

1. ሞተሩ ለብ ሲል፣ ጠፍቶ እያለ፣ ዘይቱን ለዚህ ብቻ በተለየ ሳፋ ላይ አፍስሱ። እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ።

2. ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጀሪካን ገልብጡ። የዘይቱ የራሱ ዕቃ ካለ እሱ ይሻላል። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም።

3. ውሃ፣ ቤንዚን፣ የፍሬን ዘይት ወይም ኬሚካል አትጨምሩበት። ከተቀላቀለ ማጣራቱ ይከብዳል።

4. "የተቃጠለ ዘይት" ብላችሁ ጻፉበት። ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከእሳትና ከእህል ርቆ ይቀመጥ።

5. የፈሰሰውን በሰጋቱራ ወይም በአሸዋ አስመጥጣችሁ አንሱት።

6. ከተማ ስትወጡ ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ አንድ ላይ ብትልኩት ይቀላል።

ምድጃ ውስጥ አታንድዱት፣ ጭሱ ጎጂ ነው። የጎተራ እንጨትም አትቀቡበት። ከብት እከክ ወይም መዥገር ከያዘው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፤ መድኃኒት አለው።

ታይምስ ቢችን ያጠፋት አቧራን በርካሽ ለማስቀረት የተደረገ ነገር ነው። እኛ ጀሪካኗን ብንከድን ጉድጓዳችንም መሬታችንም ይተርፋል።