ዕድልና ምርጫ፦ የከፍተኛ ትምህርት ቦታ አመራረጥ ታሪክ ከቅኔ ቤት እስከ ካዛንቺስ

በአማርኛ በመንግሥት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በለጋሽ አገር ወጪ የሚገኝ የመማሪያ ቦታ «የትምህርት ዕድል» ይባላል፤ ያገኘውም ሰው «ዕድል ወጣለት» ወይም «ዕድል ደረሰው» ይባልለታል። ቃሉ «ዐደለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ የተመደበ ድርሻን፣ ዕጣንና ፈንታን ያመለክታል፤ ዕድል የደረሰው ሰው ይቀበለዋል እንጂ አያማርጠውም። ድኅረ ምረቃ የሚባለው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያለው ትምህርት በኢትዮጵያ ያለፈበት ታሪክ ሲመረመር ይህ አነጋገር በከንቱ እንዳልተለመደ ይታያል። ተማሪው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቦታውን አይቶ፣ መምህሩን መዝኖ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ አንዱን የሚመርጥበት ልማድ በአገሪቱ ያልነበረ ሳይሆን የነበረ፣ ዘመናዊው ትምህርት የመንግሥት ተልእኮ በሆነበት ዘመን ግን የተቋረጠ ነው። የመቋረጡም ሆነ ቀስ በቀስ የመመለሱ ምልክቶች በአዲስ አበባ መሐል፣ ስሙን ከሕፃኑ ሰማዕት ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በወሰደው በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በውስጡ በምትገኘው በካዛንቺስ ይገኛሉ።

የቀድሞው ልማድ የሚገኘው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። አብነት የሚባለው ከንባብ ቤት ጀምሮ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት በኩል እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚደርሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዕውቀት የራሱ አገር ነበረው፤ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት እዚያው ጋይንት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደር ይመሰከር ነበር። ማስመስከር ማለት ተማሪው የተማረውን በምስክር ቤቱ መምህር ፊት አሳይቶ ለማስተማር የሚያበቃውን ማረጋገጫ መቀበሉ ነው። በቅኔም ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው ስልት ያላቸው «ቤቶች» ናቸው፤ ቤት ሲባልም ሕንፃው ሳይሆን ከመምህር ወደ መምህር የሚወርደው የአገባብና የምሥጢር አካሄድ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ቅኔ የተቀኘ ተማሪ ትምህርቱን እዚያው ሊዘጋው ይችል ነበር፤ ብርቱው ግን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የሌላውን ቤት መንገድ ለማየት ይወጣል። የሚደርስበት ጉባኤ በዛፍ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ የተሰበሰበ የተማሪ ክበብ ነው፤ አዲስ መጪው ከነባሮቹ ጎጆ በአንዱ ተጠግቶ፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን እየተመገበ የመምህሩን ነገራ፣ ማለትም የቅኔውን ሙያ ሲያብራሩ የሚሰጡትን ትምህርት፣ ያዳምጣል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ የየኔታን አካሄድ ከቀድሞ መምህሩ አካሄድ ጋር ያስተያያል፤ ማታ በጎጆው ከነባሮቹ ጋር ሲጫወትም መምህሩ ምሥጢር ያካፍሉ ወይም ይቆጥቡ እንደሆነ ይሰማል። ከተስማማው ይቀመጣል፤ ካልተስማማው ሌላ ቤት ፍለጋ ይነሣል። ክፍያ፣ ውልም ሆነ ዋስ ስለሌለ የሚይዘው የመምህሩ ዕውቀት ብቻ ነው፤ መምህሩም በበኩላቸው መጪውን እየፈተኑ ይመዝኑታል።

ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር ይህ ሥርዓት ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አልተሻገረም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ሩሲያ የተላኩት ጥቂት ወጣቶች፣ በኋላም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ የሄዱት «የተላኩ» ተባሉ፤ መልእክተኛም አገሩን የሚመርጥለት ላኪው ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የእነዚህ ተማሪዎች መውጫ በር እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ያለው ለገሃር ሆነ። ስሙ ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ዛሬ የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። እስከ ጅቡቲ ያለው 784 ኪሎ ሜትር መንገድ በአዋሽና በድሬዳዋ እየታደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለው የመርከብ ጉዞ ነው። ለገሃር ላይ ከቤተሰቡ የተሰናበተው ወጣት የሚማርበትን ከተማ አስቀድሞ ሄዶ የሚያይበት መንገድ አልነበረም፤ መሳፈሩ ራሱ የምርጫው መጨረሻ ነበርና።

ከዚህ የሚለይ አንድ የታወቀ ሰው አለ፤ እርሱም በ1900 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሐኪሙ መላኩ በያን ነው። መላኩ በ1921 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ለትምህርት ወደ ሕንድ ተልኮ ጥቂት ከቆየ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን አግኝቶ ለሕክምና ትምህርት የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው ወደ ዋሽንግተኑ ሃዋርድ ገባ። ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኋላም ዳግመኛ አሜሪካ ሄዶ በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዓለም ፌደሬሽን የተባለውን ማኅበር በኒው ዮርክ መሠረተ። አካሄዱ ሲታይ የቅኔ ተማሪን ይመስላል፤ አንዱን ቤት አይቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ተሻግሮ፣ በመጨረሻ ዕውቀቱንና ወገኑን አብሮ የሚያገኝበት ቦታ ተቀመጠ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተላኪው በዛ፤ የመምረጫው በር ግን አልሰፋም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ግድያ ከቀደሙት ተማሪዎች ብዙዎቹ ስላለቁ፣ መንግሥት የተማረ ሰው በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር። በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያለው ትምህርት ግን ሁሉም ውጭ ነበርና ቦታውን የሚወስነው የመንግሥታት ስምምነት ሆነ። ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ዓለማያ ነው፤ የእርሻ ኮሌጁ በአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ፣ በኦክላሆማ በሚገኘው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የተቋቋመ በመሆኑ፣ ከምሩቃኑ ለመምህርነት የታጩት ለማስተርስ በብዛት የሚሄዱት ወደዚያው ወደ ኦክላሆማ ነበር። መንገዱን ያበጀው ውሉ ነው፤ ተማሪው በተበጀው መንገድ ይሄዳል።

ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ምክር የሚቀበሉበት፣ ሲመለሱም እንደገና እጅ የሚነሱበት ልማድም ነበር። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ለዘውዳቸው ሃያ አምስተኛ ዓመት የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሆነ፤ ይህም ከካዛንቺስ ሥር፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ይገኛል። ስንብቱ ክብርም ዕዳም ነበረው፤ ከንጉሥ እጅ የተቀበሉትን ዕድል «ሌላ ቦታ ይሻለኛል» ብሎ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም።

ካዛንቺስ ራሷ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት ኢንቺስ የተባለው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠሪ ተቋም ቤቶች ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1953 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ሕንፃ የሆነው አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ሰፈሯ የአህጉሩ ባለሙያዎች መተላለፊያ ሆነች። ኮሚሽኑ ለአፍሪካ ኢኮኖሚስቶች ማሠልጠኛ የሆነውን የልማትና የዕቅድ ተቋም ያቋቋመው ግን በዳካር ነው፤ ስለ አፍሪካ ከፍተኛ ሥልጠና በካዛንቺስ እየተመከረ ለሥልጠናው የሚሄደው ሰው ግን አሁንም ሻንጣውን ይዞ ከከተማዋ ይወጣ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው፤ የማስተርስ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ክፍሉን በእግሩ ሄዶ የሚያይበት፣ የሚያማክረውን መምህር አስቀድሞ የሚያውቅበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ይሁንና ክፍሉ አንድ ስለነበረ የሚያወዳድረው ሌላ አልነበረውም። ሁለተኛው፣ የውጭው መንገድ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ መዞሩ ነው። ወደ ሶቪየት የሄደ ተማሪ መጀመሪያ «ፖድፋክ» በተባለው የመሰናዶ ክፍል ሩሲያኛ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ በሚደርሰው ምደባ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ይችላል፤ በመጨረሻም እንደ ዶክትሬት የሚቆጠረውን የ«ካንዲዳት» ማዕረግ ያገኛል። በዚህም የመንግሥት ምደባ ከአገር ቤት አልፎ እስከ መማሪያው ከተማ ድረስ ተከተለው።

ምርጫ የተመለሰው ተማሪው በራሱ ማመልከቻ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር መጻጻፍ ሲጀምር ነው። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት መሠረት፣ ስምምነቱን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ጨምረው ለተቀበሉት ሰው እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ብዙ ትምህርት ክፍሎችም ከዚያ በፊት የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ጠርተው ቤተ ሙከራውን፣ አማካሪዎቹንና ነባር ተማሪዎችን ያሳያሉ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ጉብኝት በቪዛና በአውሮፕላን ዋጋ የተዘጋ ስለሆነ የሚደረገው በስክሪን ነው፤ ስታይፔንድ የሚባለው ወርኃዊ አበል የከተማውን ቤት ኪራይ ይችል እንደሆነ፣ አማካሪው ተማሪዎቹን በጊዜ ያስመርቅ እንደሆነ የሚጠየቀው ቀድሞ ከሄደ ያገር ልጅ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የሚላከው ሠራተኛ ግን ዛሬም ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል፤ የተላኪነቱ ዘመን በዚህ ወረቀት ላይ ይኖራል።

በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የልማት ፈረሳ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል፤ የለገሃር አሮጌ ጣቢያም ተማሪ ማሳፈር ካቆመ ቆይቷል። የሁለቱን መውጫዎች ታሪክ ከዋሸራና ከዋድላ ጋር አያይዞ የሚመለከት ሰው፣ የምርጫ መሠረቱ ሄዶ ማየት ብቻ እንዳልነበረ ያስተውላል። ለገሃር የቆመው ተላኪ ያጣው የሩቁን ከተማ ማየትን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ከተማ አድሮ የሚነግረው ነባር ተማሪም አልነበረውም። ቅኔ ፈላጊው ማታ በጎጆው ውስጥ ለነባሩ ያቀርበው የነበረውን ጥያቄ የዛሬው አመልካች በስልክ ያቀርበዋል፦ መምህሩ ምሥጢር ያካፍላሉ ወይስ ይቆጥባሉ?