የመስኩ የተስፋ ዋጋ፦ የፕላን ፈቃድና የመሬት ልማት በእንግሊዝ ትናንሽ መንደሮች

በእንግሊዝ ገጠር አንድ አልሚ በመንደር ዳር ቤት ልሥራ ብሎ ሲያመለክት ክርክሩ ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን የመንደሩ መልክ ይጠበቅ ይላል፤ ሌላው ለወጣቱ ቤት ይሠራለት ይላል። ሁለቱም ዓይናቸውን የሚጥሉት ፈቃዱ በሚሰጥበት ወይም በሚከለከልበት ቀን ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን የትንሽ መንደር ዕጣ በአብዛኛው ከዚያ ቀን አስቀድሞ ይወሰናል የሚል ነው። የሚወስነውም የመስኩ ባለቤት አንድ ቀን ይፈቀድልኛል ብሎ በመሬቱ ላይ የሚጨምረው የተስፋ ዋጋ ነው።

መነሻው የ1947ቱ የከተማና ገጠር ፕላን ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ በሐምሌ 1948 ሥራ ላይ ሲውል መሬቱ በባለቤቱ እጅ ቀረ፤ በላዩ ላይ አዲስ ነገር የመገንባት መብት ግን ወደ መንግሥት ዞረ። ፈቃድ ያገኘ ሰው ፈቃዱ በመሬቱ ላይ የጨመረውን ዋጋ በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ ለመንግሥት እንዲከፍል ተደነገገ። ይህ ክፍያ ብዙ አልቆየም፤ ወግ አጥባቂዎቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1953 ተሻረ። ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን በሕዝብ እጅ እንዳለ ሆኖ ፈቃዱ የሚፈጥረው ሀብት ወደ ባለመሬቱ ተመለሰ። የ1961ዱ የመሬት ካሳ ሕግ ደግሞ ነገሩን አጸናው፤ መንግሥት እንኳ መሬት በግዴታ ሲገዛ ወደፊት ሊፈቀድ ይችላል ተብሎ የሚጠበቀውን ልማት ጭምር አስቦ እንዲከፍል አደረገ። ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ መሬት የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ሲያገኝ ዋጋው ከመቶ እጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል። አንድ ገበሬ ዕድሜ ልኩን አርሶ የማያገኘውን ገንዘብ አንድ ፊርማ ያስገኝለታል።

የትኛው መንደር ይደግ የሚለው ጥያቄም የራሱ ታሪክ አለው። በ1942 በዳኛ ስኮት የተመራው ኮሚቴ የእርሻ መሬት ከግንባታ ይጠበቅ ሲል፣ የኮሚቴው አባል የነበሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ዴኒሰን ብቻቸውን ተለይተው ተቃወሙ፤ የገጠር ሕይወት የሚሻሻለው እርሻን ባለበት በማቆየት ነው የሚለውን እምነት አልተቀበሉትም። ያሸነፈው የብዙኃኑ ሐሳብ ነበር። ከሁሉም ጨካኙ ውሳኔ የተላለፈው ግን በሰሜን፣ በደርሃም ነው። የ1951ዱ የደርሃም ፕላን 114 መንደሮችን «ምድብ ዲ» ውስጥ አስገባ። የከሰል ጉድጓዶቻቸው ስለሚዘጉ አዲስ ቤት እንዳይሠራባቸው፣ የሕዝብ ገንዘብም እንዳይፈስባቸው ተወሰነ። ሰው በተወለደበት ቤት ተቀምጦ መንደሩ እንዲሞት መፈረዱን ከካርታ አነበበ። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ታገሉ፤ ፖሊሲው የተተወው በ1977 ነው። እንደ ዊተን ፓርክ ያሉት መንደሮች ብዙ ቤት ቢፈርስባቸውም ዛሬም አሉ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያወጣ ባለሥልጣን የለም። የአስተሳሰቡ ዘር ግን አልጠፋም። በወቅቱ የፓርላማ አባል የነበሩት ማቲው ቴይለር በ2008 ለመንግሥት ባቀረቡት ጥናት ወጥመዱን በግልጽ አሳይተዋል፦ ሱቅ፣ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ የሌለው መንደር ለአዲስ ቤት አይመችም ይባላል፤ ቤት ስለማይሠራ ሰው አይጨመርም፤ ሰው ስለማይጨመር የቀረው ሱቅና ትምህርት ቤትም ይዘጋል። በኤሴክስ የምትገኘው ብላክሞር ኤንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ ሁለት ቤት ለመሥራት ማመልከቻ ቀርቦ በይግባኝ ሲፈቀድ፣ የብሬንትሪ ወረዳ ምክር ቤት ቦታው ከአገልግሎት የራቀ ስለሆነ «የተነጠለ» ነው ብሎ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 ክርክሩን አልተቀበለም፤ ጎረቤት ቤቶች ያሉት ቤት፣ ሱቅ ስለራቀው ብቻ የተነጠለ አይባልም አለ። ፍርዱ በእኔ እምነት ትክክል ነበር። መንደር መንደር የሚሆነው በሰፈሩበት ሰዎች ነው።

በውሳኔው ሂደት የሚናገረውና የማይናገረውም ሊታይ ይገባል። ከ1894 ጀምሮ ያሉት የአጥቢያ ምክር ቤቶች ስለ ማመልከቻው ይጠየቃሉ እንጂ አይወስኑም፤ የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ለአነስተኛ ማመልከቻ ስምንት ሳምንት፣ አሥር ቤትና ከዚያ በላይ ለሚሆን 13 ሳምንት ይሰጠዋል። ነዋሪው ስለ መንገዱ፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ቦታ መጻፍ ይችላል፤ የቤቴ ዋጋ ይወርዳል ወይም ከመስኮቴ የማየው ይከለልብኛል ቢል ግን በሕግ ፊት ክብደት የለውም። ሲከለከል ይግባኝ ማለት የሚችለው አመልካቹ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ድምፁ የማይሰማው ቤት ቢኖር ኖሮ በመንደሩ ይኖር የነበረው፣ ኪራይ አሳድዶት ወደ ከተማ የሄደው ሰው ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ሃዋርድ ኒውቢ በ1970ዎቹ በምሥራቅ አንግሊያ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ገበሬው የምክር ቤት አባልና ከከተማ የመጣው አዲስ ነዋሪ በየራሳቸው ምክንያት ቤት እንዳይሠራ ሲስማሙ፣ ዋጋውን የከፈለው የእርሻ ሠራተኛው ነበር።

ታዲያ ፈቃድ በብዛት መስጠት መፍትሔ ነው? አይደለም፤ እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንደር የግንባታ ወሰን ውጭ ያለ መሬት ለአካባቢው ሰው የሚሆን አነስተኛ ዋጋ ያለው ቤት በዋናነት እንዲሠራበት በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድ ይችላል። ይህ አሠራር የሚሳካው ያ መስክ በሌላ መንገድ ለገበያ የሚሆን ቤት ፈጽሞ እንደማይፈቀድበት ባለቤቱ አምኖ ሲቀበል ነው። ያን ጊዜ መሬቱን ከእርሻ ዋጋ ጥቂት ከፍ ባለ ሂሳብ ይለቃል፤ ምናልባትም አንዱ ቤት ለገዛ እርሻው ሠራተኛ ይሆንለታል። ርካሹን ቤት ያስገኘው ለሌላው ሁሉ የጸናው ክልከላ ነው ማለት ነው።

ክልከላው ሲላላ ርካሹ ቤት ይጠፋል። በ2012 በወጣው ብሔራዊ የፕላን መመሪያ፣ ለአምስት ዓመት የሚበቃ የቤት መሬት ማሳየት ያቃተው ወረዳ ፕላኑ እንዳረጀ ይቆጠርበታል፤ ሚዛኑም ወደ ፈቃዱ ያጋድላል። ጉድለቱ የመጣው በወረዳው ዋና ከተማ ቢሆንም ተስፋው እስከ መጨረሻው መንደር ይደርሳል። የአልሚው ወኪል መሬቱን ወደፊት የመግዛት መብት የሚሰጥ ውል ይዞ ይመጣል፤ ርካሹን ቤት ከሚሠራው የቤት ማኅበር ጋር ስለ ስድስት ቤት ሲነጋገር የነበረው ባለመሬት ልጠብቅ ይላል። አሥር ዓመትም ሊጠብቅ ይችላል። በዚያ መካከል ርካሹም ቤት፣ ውዱም ቤት አይሠራም። በታኅሣሥ 2024 መንግሥት ለወረዳዎች የሚመድበውን የቤት ቁጥር እንደገና አስገዳጅ ሲያደርግ ይህ መጠበቅ ይበልጥ አዋጪ ሆነ።

ተስፋውን በፈቃዳቸው የተዉ ሰዎች አሉ። በኦክስፎርድሻየር በስቶንስፊልድ መንደር በ1983 የተመሠረተው የማኅበረሰብ መሬት ባለአደራ የተነሣው አንድ ነዋሪ በሰጠው ሩብ ኤከር መሬት ነበር። ልግስና ግን ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። በ2023 የወጣ ሕግ አነስተኛ ዋጋ ላለው ቤት መሬት በግዴታ ሲገዛ የተስፋው ዋጋ እንዲቀር ቢፈቅድም፣ የግዴታ ግዢ ለስድስት ቤት ተብሎ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የአምስት ዓመቱ ደንብ በትናንሽ መንደሮች ዳር ባለ መሬት ላይ እንዳይሠራ ሊደረግ ይገባል፤ እዚያ ያለው ብቸኛ በር የልዩ ሁኔታው ይሁን፣ እስከ ፕላኑ ዘመን መጨረሻም አይለወጥ። ወሰኑን ለማስመር አዲስ መለኪያ መፈለግ አያሻም፤ የቤት ማኅበር ተከራይ ቤቱን የመግዛት መብቱ በገጠር የቀረበት ሕግ የ3,000 ነዋሪን መለኪያ ይዟል። ወረዳው በዚህ የሚያጣቸው ጥቂት ቤቶች ባቡርና ሆስፒታል ባላቸው ከተሞቹ ድርሻ ላይ ሊደመሩ ይችላሉ።