የኢንተርኔት ድራማን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ለኢንተርኔት ተብሎ በትልቅ በጀት የተሠራ ተከታታይ ድራማ ያተርፋል ወይ? ያተርፋል፤ ግን ድራማው ራሱ ሲያተርፍ ማየት ብርቅ ነው።

በ2008 እንጀምር (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሆሊውድ ጸሐፊዎች አድማ ላይ ከርመዋል፤ አንዱ ጥያቄያቸው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ለሚታይ ሥራቸው ስንት ይከፈለን የሚል ነበር። ጆስ ዊደን እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ከወንድሞቹ ጋር «ዶክተር ሆሪብልስ ሲንግ አሎንግ ብሎግ» የተባለ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ጻፈ። ከ200 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጠውን ወጪ ከኪሱ ቻለ። በሐምሌ ወር በሦስት ክፍል ለጥቂት ቀናት በነጻ ሲለቀው የተመልካቹ ብዛት ሰርቨሩን ጣለው። (የሙያ ነገር ሆኖ፣ ያን ዕለት ሰርቨሩን ሲጠብቅ ለነበረው ሰው አዝናለሁ።) ከዚያ ነጻው አበቃና አይቲዩንስ ላይ፣ ቀጥሎም በዲቪዲ ተሸጠ። ወጪውንም መለሰ። የመለሰው ግን ሽያጩ ነው፤ ነጻው ቅምሻ ነበር።

በነጻ አሳይቶ በማስታወቂያ መኖርስ? ዩቲዩብ ከቪዲዮው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለሠሪው ይሰጣል። ለ1,000 ዕይታ 3 ዶላር ይደርሰዋል እንበል። 300 ሺህ ዶላር የፈጀ አንድ ክፍል ወጪውን የሚመልሰው 100 ሚሊዮን ጊዜ ሲታይ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ራሱን በስልክ እየቀረጸ የሚያወራ ልጅም ለ1,000 ዕይታ ያንኑ 3 ዶላር ሊያገኝ ይችላል። ማስታወቂያው ካሜራው በስንት ተገዛ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ፍሬዲ ዎንግና ጓደኞቹ በ2011 ተመልካቹን አስቀድመው ጠየቁት። ለ«ቪዲዮ ጌም ሃይ ስኩል» በኪክስታርተር 75 ሺህ ዶላር ፈልገው ከ273 ሺህ በላይ ሰበሰቡ። ደስ ይላል፤ ግን መዋጮ ወጪ ይሸፍናል እንጂ ትርፍ አይባልም። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በ2012 ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ የተሠራውን «ሃሎ 4፦ ፎርዋርድ አንቱ ዶውን» በነጻ አሳየ። ኪሳራ? እንዴት ተደርጎ! ከወር በኋላ የወጣው ሃሎ 4 ጌም በመጀመሪያው 24 ሰዓት 220 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ጌሙ ያለ ድራማውም ይሸጥ ይሆናል፤ ድራማው ግን ከመጀመሪያውም የተሠራው ለማስታወቂያ ነው።

ከዚያ ኩዊቢ መጣ። ጄፍሪ ካትዘንበርግና ሜግ ዊትማን 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስበው ሚያዝያ 2020 ላይ ከ10 ደቂቃ የማይበልጡ፣ በስልክ ብቻ የሚታዩ ድራማዎችን ይዘው ወጡ። ለአንዳንዶቹ በደቂቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይወጣ ነበር። የወር ክፍያው ከነማስታወቂያው 5 ዶላር ገደማ ነው። እስቲ እናካፍል፦ የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻ ለመመለስ ከ29 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ዓመት ሙሉ መክፈል አለበት። ካትዘንበርግ ጥፋቱን ሁሉ በኮሮና አላከከ። መንገድ ላይ ለሚታይ ነገር ቤት መዋል በእርግጥ መጥፎ ዕድል ነው፤ ግን በነዚያው ወራት ቲክቶክ ቤት በዋሉ ሰዎች ስልክ ላይ እየገነነ ነበር፣ ያውም በነጻ።

ኩዊቢ ታኅሣሥ 1 ቀን 2020 ተዘጋ። ድራማዎቹን ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ መሣሪያ የሚሸጠው ሮኩ ገዛቸው፤ የከፈለው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ተዘገበ። በቀጣዩ ግንቦት ለስልክ ብቻ የተሠሩት እነዚያ ድራማዎች በነጻ፣ ከማስታወቂያ ጋር፣ በቴሌቪዥን መታየት ጀመሩ። የቀረጻውን ሒሳብ ሌላ ሰው ከፍሎታልና ለሮኩ ርካሽ ዕቃ ነበሩ።