ወይን ጠጅ በአገራችን

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወይን ጠጅ ታሪክ ነው።

በጅጋ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ጠጅ ሲባል የማርና የጌሾ ጠጅ ነው። ወይን ይበልጡን የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ዲያቆኑ ዘቢብ በውሃ ይዘፈዝፋል፤ ይጨምቃል፤ ለቅዳሴ ያቀርባል። ዘቢብ ማለት የደረቀ የወይን ፍሬ ነው።

ወይን ለአገራችን እንግዳ ተክል አይደለም። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬስ ስለ ወይናችን ጽፏል። ነገር ግን ወይን ጠጅ በግልጽ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ ነበር ይላል። ተክሉ ነበረ፤ ገበያው ግን አልነበረም።

ታዲያ ፋብሪካ መቼ መጣ? በ1930ዎቹ አጋማሽ አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ጉደርና አክሱማይት የሚባሉት ወይን ጠጆች የዚሁ ፋብሪካ ናቸው። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ።

ሌላው የተቋቋመው በዝዋይ ነው። ካስቴል የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ 750 ሺህ ያህል የወይን ችግኝ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ተከለ። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ ቀረበ።

ዝዋይ ለምን ተመረጠ? አፈሩ አሸዋማ ነው። አየሩ ሞቃት ነው። ዝናቡም አጭር ነው። ጎጃም ግን ክረምቱ ይበረታል። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ወይን ይሻግታል።

አድማጮቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የወይን ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም። ስለዚህ የዝዋይ ፋብሪካ የተሠራው እዚያው እርሻው ላይ ነው። ሥራውም እዚያው ቀረ። ማር ግን ቶሎ አይበላሽም። ደህና ሆኖ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን ጣጣም አለው። ማሩ ሳይጣራ በእንስራና በጀሪካን ተጭኖ ከተማ ይገባል። ማጣራቱም፣ ማሸጉም፣ ጠጅ መጣሉም እዚያ ይሆናል። ትርፉም እዚያው ይቀራል።

ወይን በጎጃም ባይስማማ አያሳዝንም፤ ጎጃም ማር አለው። ከወይን ታሪክ የምንማረው ሰብሉ በበቀለበት ቀዬ ሲዘጋጅ ዋጋው እንደሚያድግ ነው።

ለውይይት፦ የቀበሌያችሁን ማር እዚያው አጣርቶና አሽጎ ለመሸጥ ምን ያስፈልጋል? እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት።