የስኳር ሕመምና የቤታችን ማዕድ፦ ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ ማብሰል



ከቤተሰብ አንዱ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ወይ ለብቻው ድስት ይጣድለትና ከትሪው ይገለላል፤ ወይም «ዛሬን ብቻ ብላ፣ ምን ያመጣል» እየተባለ ከሁሉም እኩል ይበላል። ሁለቱም አያዛልቁም። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ድስቱ የሁሉም ይሆናል፣ የሚለወጠው የእንጀራውና የወጡ መጠን ነው።

ሕመሙ በአጭሩ

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ስኳር በውስጣቸው ካርቦሃይድሬት አለ። ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባዋል። በዓይነት ሁለት ሕመም ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም፤ በጊዜ ብዛት ደግሞ ቆሽት የሚያመነጨው መጠን ይቀንሳል። ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭንና ልብን ይጎዳል። የእግር ቁስል አልድን ብሎ እስከ መቆረጥ የሚያደርሰውም ይኸው ነው።

ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለው የሦስት ወር ገደማ አማካይ ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ካሳየ የስኳር ሕመም አለ ይባላል። ምልክት የሌለው ሰው በድጋሚ ምርመራ ይረጋገጥለታል።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሪፖርት፣ የደም ስኳርን በማሻሻል ረገድ ብዙ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬትን መቀነስ እንደሆነ ገልጿል። በቀን ከ130 ግራም በታች መመገብ በተለምዶ «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» ይባላል። ለውጡ የሚጸናው ግን አመጋገቡ ከጸና ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወር ተጨንቀን ከምንተወው ከባድ ሥርዓት ይልቅ ዓመት ሙሉ የምንኖርበት ቀለል ያለ ለውጥ ይሻለናል።

ጤፍስ?

«ጤፍ ለስኳር ችግር የለውም» የሚለውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ጤፍ ብረትና አሰር ያለው መልካም እህል ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ካርቦሃይድሬት ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ሙሉ እንጀራ በግምት ከ90 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ሁለት እንጀራ የበላ ሰው በአንድ ማዕድ ብቻ የቀኑን ልክ አለፈ ማለት ነው። ገንፎ፣ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ቆጮ፣ ፓስታና ሩዝም እንዲሁ ናቸው።

በአንጻሩ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ አይብና አቦካዶ ካርቦሃይድሬታቸው ዝቅተኛ ነው። ምስርና ሽሮ መሐል ላይ ናቸው። ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ግን ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ስኳርን ቀስ ብለው ይጨምራሉ።

ትሪውን መገልበጥ

የተለመደው ማዕዳችን እንጀራው ብዙ፣ ወጡ ማጣፈጫ ነው። ይህን እንገልብጠው። ለሕመምተኛው ሩብ እንጀራ ይቀመጥ፤ ወጡና አትክልቱ ዋናው ምግብ ይሁን፤ ማንኪያም ይቅረብለት። ጎመኑንና ሥጋውን አስቀድሞ፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ቢበላ ከምግብ በኋላ ያለው የስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። ለአብነት፦

• ቁርስ፦ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ ሁለት እንቁላል ከግማሽ አቦካዶ ጋር። ሻይ ያለ ስኳር፣ በቀረፋና በቅርንፉድ።
• ምሳ፦ ጎመን በሥጋ፣ አይብና ሩብ እንጀራ።
• እራት፦ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ዶሮ፣ ብዙ ሰላጣ፣ አንድ ጭልፋ ምስር ወጥ።

አልጫ ላይ ድንችና ካሮት ቀንሶ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ መጨመር፣ ሾርባ ላይ አጃና ስንዴ ትቶ አትክልትና ሥጋ ማብዛት ይቻላል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለሕመምተኛ የሚጎረሰው ግን ከወጡ ይሁን።

ማር፣ ተምርና ጥቁር አዝሙድ

ማር በቁርኣን፣ ተምርና ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወሱ በመሆናቸው «እነዚህ ስኳርን አይጨምሩም» የሚሉ አሉ። በረከታቸውን እናምናለን፤ ይሁንና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም፣ አንድ ትልቅ ተምር ደግሞ ከዚያ የማይተናነስ ስኳር አለው። ጥቁር አዝሙድም ሆነ አብሽ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም። ታመው ሕክምና እንድንፈልግ ያዘዙን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆዳችንን ሢሶውን ለምግብ፣ ሢሶውን ለመጠጥ፣ ሢሶውን ለትንፋሽ እንድንተው ያስተማሩንም ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ መድኃኒት

ከሁሉም በላይ አደራ የምንለው ይህን ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ እንክብሎች የሚወስድ ሰው እንጀራውን በድንገት ቢቀንስና መድኃኒቱን እንደነበረ ቢወስድ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ራስን ያስታል፤ ሕይወትም ያሳጣል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን ለሚወስዱ ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ደምን አሲዳማ የሚያደርግ አደገኛ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መጠኑን አስቀድሞ ሐኪም ያስተካክል፤ በራስ ፈቃድም መድኃኒት አይቋረጥ። ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም መደናገር ከታየ ስኳር ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በረመዷን

መጾም የሚያስብ ሕመምተኛ ረመዷን ከመግባቱ ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሱሑር ይዘግይ እንጂ አይታለፍ፤ እንቁላል፣ አይብና አትክልት ይኑርበት። ኢፍጣር በአንድ ተምርና በውኃ ይጀመር፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሾርባና ወጥ ይቅደም። ሳምቡሳ ካማረ አንድ ይበቃል። ጭማቂ ይቅር።

ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን አያፈርስም። ንባቡ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል፤ ሕመሙ የማይድንና መጾም የማያስችለው ከሆነም ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን በማብላት ፊድያ ይሰጣል። ፈቃዱን መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ ራሱ ሸሪዓችን የቆመለት ዓላማ ነው።

የቤት ሴቶችም ወንዶችም የምንችለው ትልቁ እገዛ ሕመምተኛውን በትሪው ዙሪያ እንዳለ ማቆየት ነው። ጎመኑን እኛም እንብላ፤ ስኳር የሌለውን ሻይ እኛም እንጠጣ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋውን ይስጥ።